ኮምፓስ ያልጨረሰው ክብ

ፉቱራ ከተባለው የላቲን ፊደል ንድፍ «ኦ»ን አጉልተው ያትሙና በማስመሪያ ይለኩት። ለዓይን በኮምፓስ የተሳለ፣ ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል የሆነ ክብ ይመስላል። ልኬቱ ግን የላይና የታቹ መስመር ከግራና ከቀኙ ሳሳ ማለቱን ያሳያል። ዓይናችን አግድም መስመርን ከቁሙ አወፍሮ ስለሚያይ፣ በልክ እኩል የሆነው ፊደል እኩል ሆኖ አይታየንም። የፉቱራ ንድፍ አውጪ፣ ጀርመናዊው ፓውል ሬነር፣ ክቡን ለዓይን ሲል አረመው። በትንሹ «ቢ» ላይም ቅስቱ ከቋሚው የሚጋጠምበትን ቦታ አቅጥኖታል፤ ባያቀጥነው ኖሮ መጋጠሚያው ጠቁሮ ይወጣ ነበር።

ፉቱራ እ.ኤ.አ. በ1927 ፍራንክፈርት ከነበረው የባወር ፊደል ማምረቻ ሲወጣ፣ በጀርመን የድሮ የብዕር ጽሑፍ የሚመስለው ፍራክቱር ገና በሰፊው ይታተም ነበር። ሬነር ጌጡን ሁሉ አራገፈው። እንዲያውም መጀመሪያ ላይ «አር»ን በአንድ ዘንግና በአንድ ነጥብ ብቻ ሠርቶት ነበር። እንዲህ ያለው ሙከራ ውሎ አድሮ ቀረ፤ ለእኔ ፉቱራን ያኖረው ይህን መተዉ ነው። ትልልቆቹን ፊደላት ደግሞ የጥንት ሮማውያን በድንጋይ ላይ በቀረጹት ምጣኔ አወጣቸው፤ «ኢ»ና «ኤስ» ጠባብ፣ «ኦ» ሰፊ።

ናዚዎችን በጽሑፍ የተቃወመው ሬነር በ1933 ታስሮ ሙኒክ ውስጥ ከሚመራው የኅትመት ትምህርት ቤት ተባረረ። ፊደሉ ግን በ1969 ጨረቃ ደረሰ፤ አፖሎ 11 እዚያ ትቶት የመጣው የብረት ሰሌዳ የተጻፈው በፉቱራ ነው። የፉቱራ ቦታ እንዲህ ያለ ነው፦ ጥቂት ቃል፣ ትልቅ ፊደል፣ ሰፊ ባዶ ቦታ። መጽሐፍ ሙሉ በፉቱራ ማንበብ ግን ያደክማል። «ኦ»፣ «ሲ»ና «ኢ» በትንሹ ሲጻፉ ሁሉም ከአንድ ክብ የወጡ ናቸውና ዓይን የሚይዘው ያጣል።

ይህን ሁሉ የማነሳው የእኛም ዲዛይነሮች ፊደላችንን በክብና በቀጥታ መስመር መሥራት ስለወደዱ ነው። ደስ ይለኛል። ስጋቴ «ሊ»ና «ሌ» ላይ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው እግራቸው ሥር ያለው ነገር ብቻ ነው፤ በ«ሊ» ጭረት፣ በ«ሌ» ቀለበት። የመስመሩ ውፍረት በሁሉም ቦታ አንድ ይሁን ከተባለ፣ ፊደሉ ሲያንስ ቀለበቷ ትደፈንና «ሌ» «ሊ» ይሆናል። «ቂ»ና «ቄ»፣ «ቢ»ና «ቤ»ም እንዲሁ። በላቲን ከጥቂት ፊደላት ጋር የሚያልቀው ችግር፣ በእኛ ገበታ ላይ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል።

ስለዚህ የቀለበቷ መስመር ከፊደሉ እግር ይቅጠን፣ ውስጧም ይስፋ። ንድፉ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ አጉልቶ በማየት ብቻ አይለቅ፤ በመድኃኒት መያዣ ላይ በሚታተምበት መጠን ታትሞ፣ መነጽር ለሚያደርጉ አዛውንት ይሰጥና ያንብቡት።