ያልተጻፈ ወጪ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለርስት ክርክር ብቻ የተነገረ ይመስለን ነበር። ነገር ግን ከቀድሞ ተማሪዎቻችን አንዱ የገጠመውን ባጫወተን ጊዜ ለግብርም እንደሚሠራ ተረዳን። ይህ ሰው በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ከተማ፣ በገዛ መኪናው መንገደኛ እያመላለሰ ቤተ ሰቡን ያስተዳድራል። የዓመቱን ግብር ሊያሳውቅ ወደ ሒሳብ ዐዋቂ በሄደ ጊዜ «ለሥራ ስንት ማይል ነዳህ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ አጣ። ሒሳብ ዐዋቂውም «እንግዲያስ ሠላሳ ሺህ እንበለው» አለው። ሐሰቱን እንዳይፈርም ኅሊናው ከለከለው፤ እውነቱን እንዳይጽፍ ማስረጃ አልነበረውም። ስለዚህ የመኪናውን ወጪ ሳያስቀንስ፣ የማይገባውን ግብር ከልጆቹ ጉሮሮ ነጥቆ ከፈለ።

በዚያ አገር ለራሱ የሚሠራ ሰው ግብሩን ከደመወዙ የሚቈርጥለት አሠሪ የለውም። ገቢውንና ወጪውን ስኬጁል ሲ በሚባለው ቅጽ ላይ ራሱ ያሰፍራል። ግብሩም የሚታሰበው በተሰበሰበው ገንዘብ ሁሉ ላይ ሳይሆን ወጪው ተቀንሶ በሚቀረው ትርፍ ላይ ነው። ትርፉ 400 ዶላር ከደረሰ ደግሞ ከገቢ ግብር ሌላ፣ ለጡረታና ለሕክምና መድን የሚውል 15.3 በመቶ ግብር አለበት፤ ይኸውም በትርፉ 92.35 በመቶ ላይ ይታሰባል።

ለመኪና ወጪ ሕጉ ሁለት መንገድ ይሰጣል። አንደኛው የቤንዚኑን፣ የጥገናውን፣ የኢንሹራንሱንና የመኪናውን እርጅና፣ መኪናው ለሥራ በዋለበት መጠን ማስላት ነው። ሁለተኛው በማይል ማሰብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ለአንድ ማይል የተፈቀደው 70 ሳንቲም ነበር። እንግዲህ በዚያ ዓመት ለሥራ 20,000 ማይል የነዳ ሰው ከገቢው 14,000 ዶላር ያስቀንሳል፤ ከዚያ ከ15.3 በመቶው ግብር ብቻ እንኳ 2,000 ዶላር ያህል ይድንለታል። በማይል ያሰበ ሰው ቤንዚኑንና ጥገናውን ዳግመኛ ማስቀነስ አይችልም፤ የመንገድ መጠቀሚያና የመኪና ማቆሚያ ክፍያ ግን ለብቻ ይያዝለታል። መኪናው የራሱ የሆነ ሰው ይህን መንገድ ከፈለገ፣ መኪናው ለሥራ በዋለበት በመጀመሪያው ዓመት ሊመርጠው ይገባዋል። መንገደኛ የሚያገናኘው ድርጅት የሚወስደው ድርሻና የስልኩ ክፍያ ለሥራ የዋለው ክፍልም ወጪ ናቸው።

የተፈቀደው እንዳለ ሁሉ ያልተፈቀደም አለ። ልጅን ትምህርት ቤት ለማድረስ ወይም ለገበያ የተነዳው ማይል የሥራ አይደለም። የትራፊክ ቅጣት አይቀነስም። ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው ዐሥራትም በጎ ተግባር ቢሆንም የሥራ ወጪ አይደለምና በዚህ ቅጽ ላይ አይገባም፤ ሕጉ ለስጦታ ሌላ ስፍራ አለው።

ስለዚህ ለራሳችሁ የምትሠሩ አንባቢዎቻችን ሆይ፣ ምክራችን ቀላል ነው። በመኪናችሁ ውስጥ አንድ ደብተር ይኑር፤ ቀኑ፣ የተሄደበት ስፍራ፣ ምክንያቱና ማይሉ በዕለቱ ይጻፍበት። ደረሰኞች በአንድ ፖስታ ተጠብቀው ቢያንስ ሦስት ዓመት ይቀመጡ። ግብሩም በዓመት አንድ ጊዜ እንደ ጎርፍ እንዳይደርስባችሁ ከየሳምንቱ ገቢ ጥቂት ለይታችሁ አኑሩ፤ በግምት የሚከፈለው ግብር በዓመት አራት ጊዜ፣ በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በሚከተለው ጃንዋሪ አጋማሽ ይፈለጋልና።

ያ ተማሪያችን ዛሬ ማታ ማታ ቍጥሩን ሲናገር የዐሥር ዓመት ልጁ ትጽፍለታለች። የሚጽፉት ማይል ሠላሳ ሺህ ላይደርስ ይችላል፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ጊዜ ብዕሩን ሲያነሣ እጁ አይንቀጠቀጥም።