ለእግዜር ድልድይ ጀርባችሁን ስጡት

እኔ የምለው፣ ሴቻ ቆሞ ያቺን ፎቶ ያላነሳ ሰው አለ? ካለ እጁን ያውጣ፣ ቡና እጋብዘዋለሁ።

የቷን ፎቶ እንዳትሉኝ ብቻ። ታውቋታላችሁ። በግራ አባያ ቡናማ ሆኖ፣ በቀኝ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ፣ መሀላቸው የእግዜር ድልድይ። ከታች ጫካው፣ ከላይ ደመና፣ ጥግ ላይ (ከቻላችሁ) ግማሽ የጎደለ የቢራ ብርጭቆ። ሆቴሉ ግድግዳ ላይ አለች፣ ካላንደር ላይ አለች፣ የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ፌስቡክ ላይ አለች። እኔም ራሴ አሥራ ምናምን ጊዜ አንስቻታለሁ፣ አልዋሽም። ዛሬ ግን ልጣላት ነው የመጣሁት።

ባለፈው አንድ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ መጣ። ካሜራው የኔን የስድስት ወር ደሞዝ ያወጣል፣ ሦስት እግር ያለው ማቆሚያ አለው፣ ሌንሶቹ በስፖንጅ ሳጥን ተደርድረው እንደ ሕፃን ይታቀፋሉ። ከሲቀላ በባጃጅ ወደ ሴቻ ስንወጣ «ፀሐይ ሀይቁ ውስጥ ስትጠልቅ ማንሳት አለብኝ» እያለ ሹፌሩን ያጣድፈዋል። «ወንድሜ፣ ሀይቆቹ ያሉት በምሥራቅ ነው፤ ፀሐይዋ ከነሱ ማዶ ትወጣለች እንጂ እዚያ አትጠልቅም» አልኩት። አላመነኝም። ማቆሚያውን ተክሎ ጠበቀ። ፀሐይዋ እንደ ልማዷ ከጀርባው፣ ከጋሞ ተራሮች ኋላ ገባች። ልጁ አኮረፈ። ከአገሩ ጋር ሳይሆን ካየው ፎቶ ጋር ቀጠሮ ይዞ ነበርና የመጣው፣ የተጣላውም ከአገሩ ጋር ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጫኖ ይዤው ሄድኩ። በሶዶ መንገድ፣ ከከተማው ብዙም ሳይርቅ። «ምን አለ እዚህ?» አለኝ ከባጃጅ ሳይወርድ። ሙዝ አለ። ከሃሬ ወንዝ የተጠለፈ የመስኖ ቦይ አለ። በቆሎ አለ፣ ማንጎ አለ፣ በየጓሮው ሀለኮ አለ (አዲስ አበቤዎች ሽፈራው የምትሉት፤ እናንተ በሻይ ከረጢት ትገዙታላችሁ፣ እዚህ እንደ ጎመን ይበላል)። «ሜዳ ነው እኮ!» አለኝ። አዎ፣ ሜዳ ነው።

ጠቤ ከዚህች «ሜዳ ነው እኮ» ከምትባል ነገር ጋር ነው።

ስለ አገራችን መልክዓ ምድር ስናወራ የምንቆጥራቸው ቦታዎች ሁሌ አንድ ናቸው። ስሜን ገደሉ፣ ዳሎል ቢጫው፣ ጢስ ዓባይ (ውሃ ሲኖረው)። ፖስተራችን በዘመነ «የ13 ወር ጸጋ» ይሁን በ2008 ዓ.ም. «ምድረ ቀደምት» የሚለው መፈክር ከመጣ ወዲህ፣ ጩኸት የሌለበት መሬት አይወድም። ገደል፣ ፏፏቴ፣ እሳተ ገሞራ። አርባ ምንጭ ሲደርስ ደግሞ አዞ፣ የእግዜር ድልድይ፣ የዝሆን ግንባር የመሰለው የዶርዜ ቤት። ከዚህ ውጭ ያለው አገር በመኪና መስኮት የሚታለፍ ነው፤ «መቼ ነው የምንደርሰው?» እየተባለ።

እስኪ አስቡት፣ ከእኛ ውስጥ ገደል አፋፍ ላይ ተወልዶ ያደገ ስንቱ ነው? አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የኖረው ካላንደር በማያነሳው መሬት ላይ ነው። ጠፍጣፋ የጤፍ ማሳ፣ አንድ ግራር፣ በሁለት ቀበሌ መሀል የሚያልፍ የእግር መንገድ፣ ቅርጽ የሌለው ኮረብታ። ይህን «ምንም የሌለበት» ብለን ስናልፍ የምናልፈው የሰዉን ኑሮ ነው። ፎቶግራፍ ጥፋተኛ ነው የምለው ለዚህ ነው። ዓይናችንን አሠልጥኖታል፤ የሚጮኸውን ብቻ እንድናይ።

«እሺ፣ ሀይቁን ማድነቅ ነውር ሆነ?» ትሉኝ ይሆናል። አልወጣኝም። ግን ያ የምታደንቁት የአባያ ቀለም ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ደለል ነው። ከደጋው፣ ማንም ፎቶ ካላነሳው ኮረብታ፣ ከታረሰና ከተራቆተ ተዳፋት በወንዞች ታጥቦ የወረደ አፈር ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ነው። የአንድ ሰው ማሳ ሄዶ የናንተ ካላንደር ቀለም ሆነ ማለት ነው። ሀይቁን ሺህ ጊዜ ብታነሱት ይህን አይነግራችሁም። የሃሬን ወንዝ ተከትላችሁ ሽቅብ ብትወጡ፣ ከዝናብ በኋላ ቦዩ ውስጥ የሚወርደውን ውሃ ብታዩት ግን ታሪኩ እዚያ ተጽፏል። የሚያሰለች በተባለው መሬት ላይ።

ብሔራዊ ፓርኩንስ ተመልከቱት! ስሙ ምንድነው? ነጭ ሳር። አዞ ፓርክ አይደለም። ስያሜውን ያገኘው ከሣር ነው፤ ሲደርቅ ከሚነጣ፣ ዝም ብሎ ከተዘረጋ ሣር። ስሙን ያወጣለት ሰው ከእኛ የተሻለ ዓይን ነበረው። እኛ በጀልባ አዞ ገበያ ደርሰን፣ አፉን የከፈተ አዞ አንስተን እንመለሳለን። (የጀልባ ሠራተኞቹ እንጀራ ነውና በዚህ አልፈርድም፤ ሂዱ፣ ክፈሉ። ስትመለሱ ነው ጠቡ።)

ደግሞ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ከአርባ ምንጭ ወጥቶ አገር ያየው ምስል ምን ነበር? በቡራዩ በተፈጸመው ግድያ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ሲወጡ፣ የጋሞ አባቶች ለምለም ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩላቸው። ወጣቶቹም ተመለሱ። እዚያ ምስል ላይ ሀይቅ የለም። ሽማግሌ፣ አስፋልት፣ ሣር። ያ ሣር በጋሞ ዘንድ ምን እንደሚመዝን የማያውቅ ሰው ጨንቻ ወጥቶ አረንጓዴውን መስክ ሲያይ «ከብት የሚግጥበት» ብሎ ያልፋል። መስኩ ግን አንዳንዱ ዱቡሻ ነው፤ ሕዝብ ተቀምጦ የሚመክርበት፣ የሚታረቅበት። ጉብታና ሜዳ፣ ዙሪያውን ጥቂት ዛፍ፣ አለቀ። ድራማ የለውም፤ የተጫነው ነገር ግን ከገደል ይከብዳል።

ፈረንጆቹም ይህን የተማሩት ቆይተው ነው። ጆን ኮንስታብል የሚባለው እንግሊዛዊ ሠዓሊ አልፕስ አልሄደም። ያደገበትን ዝቅተኛ የወንዝ ዳር፣ ያውም የአባቱን ወፍጮ አካባቢ፣ ደጋግሞ ሣለ። በ1821 እ.ኤ.አ. የጨረሰው ዝነኛ ሥዕሉ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ የገባ የድርቆሽ ጋሪ ነው። በቃ፣ ጋሪ! እኛ ቤት ቢሆን ኩልፎ ውስጥ ገብቶ የሚታጠብ ባጃጅ በሉት። ዛሬ ያ ሥዕል ለንደን ብሔራዊ ጋለሪ ተሰቅሏል፣ ሰውም ቦታውን ለማየት ከሩቅ ይጓዛል። አሜሪካኖቹ ደግሞ አንሰል አዳምስን ከነተራራው ሲያመልኩ ኖረው፣ ሮበርት አዳምስ የሚባል (ዘመድ አይደሉም) በ1974 እ.ኤ.አ. የኮሎራዶን ተራ ሰፈር፣ አዲስ የተሠሩ ቤቶችና ባዶ መንገድ በመጽሐፍ አወጣላቸው። የሮኪ ተራሮች እዚያው አጠገቡ ነበሩ። ዓይኑን ከነሱ ዝቅ አድርጎ ሰው የሰፈረበትን መሬት አየ።

ወደ ጫኖ ልመለስ። ጓደኛዬ በመጨረሻ ከባጃጁ ወረደ። ቦዩ ዳር ቆሞ ሲያነጣጥር አንድ አባት መጡ። «ልጄ፣ መሬቱን ልትለካው ነው?» አሉት። ደነገጠ። ካሜራ ይዞ ማሳ ላይ የቆመ ሰው ለሳቸው የለካ፣ የመዘገበ፣ ከዚያ ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ነው። «አይ አባባ፣ ስላማረኝ ነው» አላቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት፤ ከዚያ ዞረው ሙዛቸውን አዩት፤ እንደ ገና አዩት። «ይሄ?» አሉ። እስካሁን ድረስ ያቺ «ይሄ?» ጆሮዬ ላይ አለች። መሬታቸው ያምራል ያላቸው ሰው ስንት ነበር ይሆን? ሲያስፈቅድ ግን ቀለል አላቸው፤ ማስፈቀድ አትርሱ፣ ማሳ የሰው ቤት ነው።

ልጁ መጀመሪያ ምንም አላገኘም። ሰፊውን ሌንስ ነበራ የገጠመው፤ በሰፊ ሌንስ ሜዳ ባዶ ሳህን ነው። ረጅሙን ሲያደርግ ነገሩ ተለወጠ። የሙዙ ረድፍ ተጨፍልቆ ግድግዳ ሆነ፣ ከኋላው የተራራው ግርጌ ተጠጋ፣ ጭስ የሚወጣበት አንድ ጎጆ መሀል ገባ። ደግሞ ሰዓቱ ነው ወሳኙ። ለምድር ወገብ ቅርብ ነንና ፀሐይዋ ቶሎ አናት ላይ ትወጣለች፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ጥላ የሚባል ነገር ያልቃል፣ ጥላ ከሌለ ደግሞ የመሬቱ ጉብጠትና ስርጉደት አይታይም። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ግን ያ «ጠፍጣፋ» ያላችሁት ሁሉ ይተነፍሳል። እያንዳንዱ ትልም ለብቻው ይቆጠራል። ሚያዝያና ግንቦት፣ ዝናቡ ሲመጣ፣ ደመናው ራሱ ተራራ ይሆንላችኋል።

ማታ ሴቻ ተመልሰን ያቺው ቦታ ተቀመጥን። አጠገባችን የነበሩት ሁሉ ስልካቸውን ወደ ሀይቁ ዘርግተዋል። ጓደኛዬ ወንበሩን አዞረና ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጋሞ ደጋ ጀርባ አየ። የተራራው ጥላ ቀስ ብሎ ወርዶ የከተማውን ቆርቆሮ አለፈ፣ ቁልቁል ወደ ጫካው ገባ፣ ማዶ ውሃው ላይ ገና ብርሃን ነበር። አስተናጋጁ መጥቶ «ጋሼ፣ እይታው እኮ በዚህ በኩል ነው» አለው።

«አውቃለሁ» አለ ልጁ፤ አልዞረም።