የእናት ቍጥር

በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ተሰደው በሐምዳይት ከተሻገሩት መካከል ብዙዎቹ በገዳሪፍ ግዛት ወደሚገኘው ኡም ራኩባ ሲወሰዱ፥ ከእናታቸው የተለዩ ልጆችም ነበሩባቸው። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያገናኝ መዝገብ ነው።

ኤድጋር ኮድ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970 ባቀረበው ሐሳብ የተመሠረተው የኮምፒዩተር መዝገብ፥ ለእያንዳንዱ ሰው የማይደገም ቍጥር ይጠይቃል፤ በልጁ ስም አንጻር የሚጻፈውም የእናት ቍጥር በእናቶች መዝገብ በእርግጥ ካልተገኘ አይቀበልም፤ ልጁ ተያይዞ ሳለም እናቲቱን መሰረዝን ይከለክላል።

ነገር ግን ደንቡ ቍጥሩ መኖሩን እንጂ ሴቲቱ የማን እናት እንደ ሆነች አያውቅም። ጸሐፊው ቸኵሎ የሌላይቱን ቢጽፍ መዝገቡ ዝም ብሎ ይቀበላል። ስለዚህ እናቱ ካልታወቀች ቦታውን ባዶ መተው ይሻላል፤ ባዶ ቦታ ፈላጊን ይጠራል፥ የሐሰት ቍጥር ግን ፍለጋን ያስቀራል።