ፖሊሽ ቅባት አይደለም!

ወዳጆቼ፣ በየበዓሉ ዋዜማ ላቫጆ ገብታችሁ «ፖሊሽ አድርግልኝ» የምትሉ ሁሉ፣ ከፍላችሁ መኪናችሁን እያስላጣችሁ ነው። ፖሊሽ ማለት ፈሳሽ የብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ጭረት የሚያጠፋው ዙሪያውን ፍቆ ነው። ከቀለሙ በላይ ያለው ግልጽ ሽፋን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከፀጉር ዘለላ ይሳሳል። ካለቀ መፍትሔው እንደገና ማስቀባት ነው። የኔዋ ቪትዝ ኮፈኗ የነጣው በፀሐይ ብቻ አይደለም፤ «አብራልኝ» እያልኩ እኔው አስፍቄው ነው።

የሚጠብቀው ሰም ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጥላ ስር እጠቡ፤ የተጣበቀውን ቆሻሻ በሳሙና ውሃ እያራሳችሁ በክሌይ አንሱ፤ ክሌዩ መሬት ከወደቀ ጣሉት። ፖሊሽ ጭረት ላለበት ቦታ ብቻ! በመጨረሻ ሰም።

የላቫጆውን ልጅ አትውቀሱ፤ የታዘዘውን ነው የሠራው። አዛዦቹ እኛ ነን።