ለቅንጣት ፊዚክስ የሚመረጥ ሶፍትዌር

እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2012 የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት፣ ሰርን፣ ከሂግስ ቦዞን ትንበያ ጋር የሚስማማ አዲስ ቅንጣት መገኘቱን ሲያበስር፣ በየጋዜጣው የታተመው ከአንድ ማዕከል የሚፈነጠቁ ባለቀለም መስመሮች ምስል ነበር። ምስሉ ውብ ነው፤ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። ጥንድ ፎቶን ያስገኙ ግጭቶች ተቆጥረው በተሠራው ግራፍ ላይ፣ በ125 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ የታየችው ትንሽ ጉብታ ከዋነኞቹ ማስረጃዎች አንዷ ነበረች።

ለዚህ መስክ ሶፍትዌር የሚመርጥ ዩኒቨርሲቲ ከዚህ ልዩነት ቢነሳ ይበጀዋል። ነጠላ ግጭትን በሦስት አውታር ለማሳየት ፊኒክስን የመሰለ፣ በድረ ገጽ መክፈቻ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ይበቃል። ሚሊዮን ግጭቶችን ለመቁጠርና ለማነጻጸር ግን ሬኔ ብሩንና ፎንስ ራደማከርስ በ1995 የጀመሩት ሩት እስካሁን ዋናው ነው፤ የታላቁ ሃድሮን ማጋጫ መረጃም በአብዛኛው የሚቀመጠው በእርሱ የፋይል ቅርጽ ነው። ሩት የተጻፈበት ሲ ፕላስ ፕላስ ለጀማሪ ይከብዳል፤ ቅሬታው እውነት ነው። ይሁን እንጂ አፕሩት የተባለው የፓይተን መሣሪያ እነዚያኑ ፋይሎች ሩት ሳይጫን ያነባል፤ ግራፉን ማትፕሎትሊብ ይሥላል። ፓራቪው ለፈሳሽ ፍሰትና ለመግነጢሳዊ መስክ ድንቅ ነው፤ ለግጭት ቆጠራ እርሱን መምረጥ ግን ለሒሳብ መዝገብ ሠዓሊ እንደ መቅጠር ይሆናል።

እስካሁን የተጠቀሱት ሁሉ ነጻና ምንጫቸው ክፍት የሆኑ ናቸው፤ ዋናው ቁም ነገርም ይኸው ነው። ሰርን ከ2014 ጀምሮ የሙከራ መረጃዎቹን ለሕዝብ በሚከፍትበት መዝገብ፣ ማጋጫ በሌላት አገር የሚማር ተማሪም ከእውነተኛ ግጭቶች ጋር መሥራት ይችላል። ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ በሚታደስ ውድ ፈቃድ ከታሰረ ግን የተከፈተው በር መልሶ ይዘጋበታል፤ ፈቃዱ ባልታደሰ ዓመት የቀድሞ ሥራው ራሱ ላይከፈትለት ይችላል። ከዚህም በላይ፣ ስሌቱ እንዴት እንደተሠራ ኮዱን አንብቦ ማጣራት የማይቻልበት ግራፍ ለሳይንስ ግማሽ ምስክር ነው።

ውበት ያሳስታል። የቀስተ ደመና ቀለም በመረጃው ውስጥ የሌለ ድንበር ለዓይን ይፈጥራል፤ ሩትም በስድስተኛው ትውልዱ ያንን ቀለም ከነባሪ ምርጫነት አውርዶታል። የግራፉ ክፍልፋይ ሲሰፋ እውነተኛ ጉብታ ይቀበራል፤ ሲጠብ ደግሞ ተራ መዋዠቅ ግኝት ይመስላል። እነዚህን በግልጽ የማያስቀይር ሶፍትዌር፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የግዢ ኮሚቴዎች የሻጭን ማሳያ ከማየት ይልቅ ቀላል ፈተና ቢያዘጋጁ ይሻላል። ከክፍት መዝገቡ ጥንድ ሙዮን ያለበትን ፋይል ለአንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይስጡትና በ91 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ የዜድ ቦዞንን ጉብታ ያውጣ። ከዚያም የጻፈውን ኮድ በሌላ ከተማ ያለ ተማሪ፣ በሌላ ኮምፒውተር፣ ያለ ክፍያ ይድገመው።