ሕመም እንጂ ስንፍና አይደለም!



ባለፈው እሑድ ዕድራችን፣ በ2013 ዓ.ም. ኮሮና ይዟቸው የነበሩ አንዲት እናት ለቅሶ ቤት ለሥራ አልወጡም ብሎ 50 ብር ቀጣቸው። «ኮሮና ከተወን ስንት ዓመቱ! አሁን ደግሞ ምን ሆኑ?» ያሉም ነበሩ። ኧረ ተዉ እንጂ!

ይኸ በሽታ ሳሉና ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ በአንዳንዱ ሰው ላይ ለወራት፣ ሲብስም ለዓመታት የሚከርም ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የመርሳትና የሐሳብ መበታተን ጥሎ ይሄዳል። እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀትም አለበት። የዓለም ጤና ድርጅትም ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ መዝግቦታል። ሲይዘው ቀለል ብሎት የነበረውንም፣ ወጣቱንም አይምርም።

«ወጣ ወጣ ይበሉ፣ ሲሠሩበት ይለቅዎታል» የሚለው ምክርማ ጭራሽ ጉዳት ነው። ብዙዎቹን ዛሬ በግድ የሠሩት ሥራ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ አልጋ ላይ ይጥላቸዋል። እሑድ ስብሰባ ላይ ቆመው ሲናገሩ ያየ ሁሉ «ደህና ናቸው» አለ፤ ሰኞ ቤታቸው ሄዶ ያየ ማን ነው?

እግሩ የተሰበረን ሰው ድንኳን ተሸከም የሚል በመካከላችን የለም። ይኸኛው ጀሶ ስላልታሰረበት ነው?

ስለዚህ ጉዳዩ በሚቀጥለው ስብሰባ እንደገና ይታይ። 50 ብሩም ይመለስላቸው።