ለመጨረሻው ቀን የተያዘ ስንቅ

የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ጫጩት ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው ኃይል በአብዛኛው የሚገኘው ከአስኳሉ ስብ ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎካሎሪ ያህል ሲሰጥ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ግን 4 ብቻ ይሰጣል። ታዲያ የጽንሱ ጉበት ግላይኮጅን የተባለ ሌላ ስንቅ ለማዘጋጀት ለምን ይደክማል?

ምክንያቱ ኦክስጅን ነው። ስብ ያለ ኦክስጅን አይቃጠልም። ኦክስጅን ደግሞ የሚገባው በቅርፊቱ ላይ ባሉ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በዲፊውዥን ነው። ጽንሱ ሲያድግ የቀዳዳዎቹ ቁጥር አብሮ አያድግም። ከ18ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ አቅርቦቱ ከፍላጎቱ ጋር መራመድ ያቅተዋል፤ ቅርፊቱን የመስበር ከባድ የጡንቻ ሥራም የሚመጣው በዚሁ ሰዓት ነው። ስለዚህ ጉበት አስቀድሞ ከአሚኖ አሲዶችና ከስብ ከሚወጣው ግሊሰሮል ግሉኮስ ይሠራል፤ ግሉኮሱንም በግላይኮጅን መልክ ያከማቻል። ይህ ስንቅ ያለ ኦክስጅንም ቢሆን ጥቂት ኃይል ይለግሳል። ካለቀ ጽንሱ የገዛ ጡንቻውን ወደማፍረስ ይሄዳል።

ፈረንሳዊው ክሎድ በርናርድ ግላይኮጅንን ከጉበት ለይተው ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1857 ነበር። ግሉኮሱ እንዳለ ያልተከማቸበት ምክንያት ግን የፊዚክስ ጉዳይ ነው። ኦስሞቲክ ግፊት የሚወሰነው በቅንጣቶች ብዛት ነው፤ የተበታተነ ግሉኮስ ውኃ እየሳበ ሕዋሱን ባሳበጠው ነበር። አሥር ሺዎቹ በአንድ ቅንጣት ሲታሰሩ ግን ግፊቱ እጅግ ይቀንሳል።

እኛ የፊዚክስ መምህራን ተማሪን «ምን ያህል ኃይል አለ?» ብለን እንጠይቃለን፤ «መቼና በምን ፍጥነት ይገኛል?» ማለትን ግን እንዘነጋለን። ጽንሱ የሚሞተው ወይም የሚድነው በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ነው። አስኳል ሳይጎድለው በ20ኛው ቀን በቅርፊቱ ውስጥ የሚቀር ጫጩት አለ፤ ለአርቢው ይህ የሦስት ሳምንት ድካም ኪሳራ ነው። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የኦክስጅን ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል በመሆኑ ጉዳዩ ከእኛ ደጅ የራቀ አይደለም።

በእኛ እምነት ቅርፊቱን ለፊዚክስ፣ ግላይኮጅንን ለኬሚስትሪ፣ ጉበትን ለባዮሎጂ ከፋፍሎ ማስተማር እንቁላሉን እንደመስበር ነው። የሦስቱ ትምህርቶች መምህራን ቢያንስ አንድ ክፍለ ጊዜ በአንድ እንቁላል ዙሪያ አብረው ያስተምሩ። እናንተም ተማሪዎች ይህን ከመጠየቅ አትቦዝኑ፤ ጽንሱ ትምህርቶቹን ለያይቶ አያውቃቸውምና።